ምዕራፍ ሰባት፦ በክኒን የተገዛ ጸጥታ

መድኃኒት ለሕሙም በታዘዘ ጊዜ፥ በዚህ መድኃኒት የሚያርፈው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ለብዙ ሰው ከንቱ ምርመራ ይመስለዋል፤ የራስ ምታት ክኒን የሚውጠው ራሱን ያመመው፥ የወባም መድኃኒት የሚወስደው ወባ የያዘው መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃልና። ሆኖም በአሜሪካ አገር ባሉት የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች፥ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ነርሲንግ ሆም በሚሏቸው፥ ከሃምሳ ዓመት በላይ አንዱ የሚውጠው ሌላው የሚያርፍበት መድኃኒት ሲታደል ኖሯል። መድኃኒቱ የተቀመመው የሌለ ድምፅ እየሰሙ፥ የሌለ ጠላት እያዩ ለሚሠቃዩ የአእምሮ ሕሙማን ነው፤ የሚሰጠው ግን እርጅና ልቡናቸውን ላደከመባቸው፥ ቀኑ በመሸ ቁጥር ለሚጮኹ፥ ገላቸውን ሲታጠቡ ለሚማቱ፥ ወደ ቤቴ ውሰዱኝ እያሉ በር ለበር ለሚመላለሱ አረጋውያን ነው። ክኒኑን የዋጠው ሽማግሌ ዝም ሲል በዙሪያው ያለው ሁሉ እፎይ ይላል፤ እርሱ ራሱ ማረፍ አለማረፉን ግን የሚመረምር አይገኝም፤ ዝም ያለ ሰው አቤቱታ የለውምና።

መድኃኒቱ በመሠረቱ የሚነቀፍ አይደለም። የመጀመሪያውን፥ ክሎርፕሮማዚን የተባለውን፥ በ1950 መጨረሻ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፖል ሻርፓንቲዬ የተባለ የፈረንሳይ ኬሚስት ቀመመው፤ በ1952 ዣን ደሌና ፒዬር ደኒኬር በፓሪስ ከተማ በሳንት አን ሆስፒታል ለሕሙማን ሰጥተው ፍሬውን ለሕክምናው ዓለም ገለጡ፤ በ1958 ደግሞ ቤልጅጋዊው ፖል ያንሰን ሃሎፔሪዶልን ጨመረበት። ሁለቱም በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ዛሬም የሚታዘዙ ናቸው፤ ለስኪዞፍሬኒያ ሕሙም ያመጡለትን ዕረፍት የሚክድ ሰው ቢኖር፥ ያን በሽታ በቤቱ ያላየ ሰው ነው።

ነገሩ የተበላሸው መድኃኒቱ ቤት በለወጠ ጊዜ ነው። በ1965 ሜዲኬርና ሜዲኬድ የተባሉት የመንግሥት የሕክምና መድኖች በታወጁ ጊዜ ለነርሲንግ ሆም ወጪ የሚከፍል ካዝና ተገኘ፤ በዚያው ዘመን የየግዛቱ የአእምሮ ሆስፒታሎች ሕሙማናቸውን እያሰናበቱ ሲራቆቱ፥ ከተሰናበቱት ሽማግሎች ብዙዎቹ ወደነዚህ ቤቶች ተሻገሩ፤ የሆስፒታሉም ልማድ ተከትሏቸው ገባ። በ1980 ዌይን ሬይ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፥ በቴኔሲ ግዛት በ173 ነርሲንግ ሆሞች የሚኖሩ 5,902 ሰዎች መዝገብ ሲመረመር፥ ከመቶ 43ቱ ይህን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ወስደው ተገኙ። እኔን ከዚህ ቁጥር ይልቅ የሚያስደንቀኝ በዚያው ጥናት የተመለከተው ሌላው ግኝት ነው፤ አንድ ሐኪም በነርሲንግ ሆም የሚያያቸው በሽተኞች በበዙ መጠን፥ ለእያንዳንዱ በሽተኛ የሚያዘው መድኃኒት አብሮ ይበዛ ነበር። በሽታ የሐኪሙን የቀጠሮ መዝገብ አይቶ አይበረታም፤ ስለዚህ በዚያ ክኒን ብዛት የሚታየው የሽማግሎቹ ሕመም ሳይሆን የሐኪሙ ጥድፊያ ነበር ማለት ነው።

ጥድፊያው ምን እንደሚመስል ለማወቅ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ወደ አንዱ ቤት መግባት ይበቃል። የመርሳት በሽታ ካደረባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መታወክ ይጀምራሉ፤ ጧት በሰላም ቡናዋን የጠጣችው ሴት፥ ልጆቼ ከትምህርት ቤት መጡ፥ እራት አልሠራሁም ብላ ከወንበሯ ትነሣለች፤ ልጆቿ ግን ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ያ ሰዓት ደግሞ እራት የሚቀርብበት፥ መድኃኒት የሚታደልበት፥ ልብስ የሚለወጥበትና ገላ የሚታጠብበት ሰዓት ነው፤ አንዲት ረዳት ነርስ አሥር ወይም ከዚያ የሚበልጥ ሰው ተሰጥቷት፥ አንዱን ስታጎርስ ሁለተኛው ሊነሣ ይንገዳገዳል፥ ሦስተኛው ደወሉን ይጫናል፥ አራተኛዋም በር ከፍታ ልትወጣ ትታገላለች። በዋሽንግተን ዙሪያና በሚኒሶታ ይህን ሥራ ከሚሠሩት መካከል የአገራችን ልጆች ብዙ ናቸውና፥ ይህን ከሚያነቡት አንዳንዶቹ ነገሩን ከጸሐፊው አብልጠው ያውቁታል። ያችን ረዳት ነርስ ጨካኝ ናት ብሎ የሚፈርድ ሰው፥ በእርሷ ቦታ አንዲት ምሽት እንኳ ያልቆመ ነው።

በዚያ ቤት ውስጥ አንዲት የአገራችን እናት አሉ እንበል። ልጃቸው ወስዳቸው፥ የልጅ ልጆች አሳድገው፥ ጥቂት እንግሊዝኛም ለምደው ነበር፤ ነገር ግን የመርሳት በሽታ ብዙ ጊዜ በኋላ የተማሩትን ቋንቋ አስቀድሞ ይነጥቃልና፥ ዛሬ የቀረላቸው አማርኛቸውና በልጅነታቸው በቃላቸው የያዙት ዳዊት ብቻ ነው። ማታ ገላቸውን ሲያጥቧቸው ይጮኻሉ፥ የያዛቸውንም እጅ ይቧጭራሉ። በመዝገባቸው ላይ ትታወካለች፥ ትማታለች፥ ትርጉም የሌለው ነገር ትናገራለች ተብሎ ይጻፍባቸዋል፤ ሐኪሙም የተጻፈውን ሰምቶ፥ እርሳቸውን ሳያይ፥ በስልክ መድኃኒት ያዝላቸዋል። በዚያች ማታ የተመደበችው ረዳት አማርኛ የምታውቅ ብትሆንና «እማማ፥ ምን ሆኑብኝ? የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» ብትላቸው ኖሮ ግን፥ ያ ትርጉም የሌለው የተባለው ንግግር «ዳሌዬን! ቀስ በይ እንጂ ልጄ!» የሚል ሆኖ ታገኘው ነበር።

ምሳሌውን የፈጠርሁት እኔ ብሆንም ነገሩ ፈጠራ አይደለም። ቤቲና ሁሴቦ የተባለች በኖርዌይ የምትሠራ ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር በ2011 ባወጣችው ጥናት፥ በምዕራብ ኖርዌይ በ18 ነርሲንግ ሆሞች የሚኖሩ፥ የመርሳት በሽታና ብርቱ መታወክ ያለባቸውን 352 አረጋውያን በሁለት ወገን ከፍላ፥ ለአንደኛው ወገን በደረጃ የተዘጋጀ የሕመም ማስታገሻ እንዲሰጥ አደረገች፤ ይኸውም ለአብዛኞቹ በየመድኃኒት ቤቱ በርካሽ የሚገኘው ፓራሲታሞል ነበር። ከስምንት ሳምንት በኋላ መታወኩ ከመቶ 17 ያህል ቀነሰ። እንግዲህ ከእነዚያ ከሚታወኩት ሽማግሎች አንዳንዶቹ ሕመማቸውን የሚገልጹበት ሌላ አንደበት አጥተው ነበር እንጂ ኅሊናቸው ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚያበቃ ሁከት አልያዘውም ማለት ነው። ከሕመም ሌላ የሆድ ድርቀት አለ፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አለ፤ ባትሪው ያለቀ የጆሮ መሣሪያ፥ የጠፋ መነጽር፥ ረኃብ፥ ብርድ፥ ብቸኝነት አለ። እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ መርምሮ ለማግኘት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ክኒኑን ለመስጠት ግን አንዲት ጉንጭ ውኃ ይበቃል።

መድኃኒቱ በአረጋዊ ሰውነት ውስጥ የሚሠራውን ሥራ በአጭሩ እንመልከት። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን መልእክት አድራሽ ንጥረ ነገር ሥራውን ይገታል፤ ዶፓሚንም የሚያገለግለው ለሐሳብ ብቻ ሳይሆን ለሰውነት እንቅስቃሴ ጭምር ስለ ሆነ፥ ሽማግሌው ይገተራል፥ እግሩን እየጎተተ ይሄዳል፥ ይወድቃል፥ አጥንቱም ይሰበራል። ጉሮሮው ይሰንፍና ምግቡ ወደ ሳምባው ይገባል፤ ቀኑን ሙሉ ስለሚያንቀላፋ ውኃ መጠጣት ይተዋል፤ በአንጎል የደም ሥር ላይ የሚደርሰውም አደጋ ይበዛበታል። ሌዊ ቦዲ የተባለው ዓይነት የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ፥ የሌለ ነገር ማየት ከበሽታው ምልክቶች አንዱ በመሆኑ መድኃኒቱ ፈጥኖ ይታዘዝለታል፤ ዳሩ ግን ከሁሉ ይልቅ መድኃኒቱን የማይችለው ሰውነት የእርሱ ነው፤ አንዳንዱም በዚሁ ምክንያት ይሞታል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በሚያዝያ 2005፥ በአሥራ ሰባት ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ፥ በጥቁር መሥመር የሚከበበውንና ከማስጠንቀቂያዎቹ ሁሉ ብርቱ የሆነውን ጽሑፍ ከነክሎርፕሮማዚን በኋላ በወጡት፥ እንደ ኦላንዛፒንና ሪስፔሪዶን ባሉት በአዲሶቹ መድኃኒቶች ወረቀት ላይ እንዲታተም አዘዘ። በአሥር ሳምንት ያህል በሚቆይ ጥናት ውስጥ፥ መድኃኒቱን ከወሰዱት የመርሳት በሽታ ያለባቸው አረጋውያን ከመቶ 4.5 ሲሞቱ፥ ባዶ ክኒን ከወሰዱት የሞቱት ከመቶ 2.6 ነበሩ፤ አብዛኛውም ሞት በልብ ሕመም ወይም እንደ ሳምባ ምች ባለ ኢንፌክሽን የመጣ ነበር። በ2008 ማስጠንቀቂያው በቀድሞዎቹ በነክሎርፕሮማዚንና በነሃሎፔሪዶልም ላይ ተጨመረ። በእንግሊዝ አገር ፕሮፌሰር ሱቤ ባነርጂ በ2009 ለመንግሥቱ ባቀረቡት መግለጫ፥ በዓመት 180,000 ያህል የመርሳት በሽተኞች መድኃኒቱን እንደሚወስዱ፥ ከእነዚህም ጥቅም የሚያገኙት ቢበዛ 36,000 እንደ ሆኑ፥ በመድኃኒቱም ምክንያት በዓመት 1,800 ያህል ተጨማሪ ሰው እንደሚሞት ገመቱ። ከአምስቱ አንዱ ይጠቀማል እንበል፤ አራቱ ግን ጉዳቱን እንጂ ጥቅሙን አያዩም።

ርትዕን ላለማዛባት፥ ያ አንደኛው ሰው መኖሩን መካድ አይገባኝም። የሌለ ገዳይ በየሌሊቱ እየታየው በፍርሃት የሚንቀጠቀጥ፥ ወይም ጎረቤቱን እስኪጎዳ ድረስ የሚደባደብ አረጋዊ አለ፤ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ያልበጀው እንደ ሆነ፥ በጥቂት መጠንና ለጥቂት ሳምንት፥ በሐኪም ዓይን እየተጠበቀ ሊሰጠው ይቻላል። በእንግሊዝ አገር ሪስፔሪዶን በአልዛይመር ሕሙማን ላይ ለሚታይ ጽኑ ድብድብ የተፈቀደው ከስድስት ሳምንት ለማይበልጥ ጊዜ ነው፤ በአሜሪካም በ2023 ብሬክስፒፕራዞል የተባለው ለአልዛይመር መታወክ ሲፈቀድ፥ ያው ጥቁር ማስጠንቀቂያ አብሮት ታትሟል። በነርሲንግ ሆም የሚታየው ልማድ ግን ሌላ ነው፤ ለሳምንታት የተጀመረው ለዓመታት ይቆያል፤ ሰውየው ጸጥ ብሏልና ጸጥታው መድኃኒቱ ለመሥራቱ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል።

በነርሲንግ ሆም ሠራተኞች ድካም ውስጥ የሸቀጥ ገበያ ያዩ አልጠፉም። ኢላይ ሊሊ የተባለው ኩባንያ ኦላንዛፒን የተባለውን መድኃኒቱን ላልተፈቀደለት ለመርሳት በሽታ በማስተዋወቁ በ2009 ጥፋቱን አምኖ፥ የወንጀል መቀጮና የፍትሐ ብሔር ካሣ በአንድነት 1.415 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እንደ ገለጸው፥ የኩባንያው ሻጮች በነርሲንግ ሆሞች የሚያሠራጩት መፈክር በአምስት ሰዓት አምስት የሚል ነበር፤ ይኸውም እነርሱ አምስት ሰዓት በሚሉት፥ እኛ አሥራ አንድ ሰዓት በምንለው፥ አምስት ሚሊግራም ይሰጥ ማለት ነው። አስቀድመን የገባንበት ሰዓት መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል፤ ነጋዴው የረዳቷን ነርስ የጭንቅ ሰዓት ከአለቆቿ ይልቅ አጥንቶታል። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰንም ሪስፔሪዶንን ለአረጋውያን በማስተዋወቁና ሌላም ክስ ተጨምሮበት በ2013 ከ2.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምቷል፤ ከክሶቹም አንዱ ለነርሲንግ ሆሞች መድኃኒት ለሚያቀርበው ለኦምኒኬር ኩባንያ ጉቦ ሰጥቷል የሚል ነበር።

ሕግ አልነበረም እንዳይባል ሕጉ ነበረ። በታኅሣሥ 1987 ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙበት የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ፥ አንድ ነዋሪ ለሕመሙ የማያስፈልግ ሆኖ ሳለ ለቅጣት ወይም ለሠራተኛው ምቾት ሲባል በገመድም ሆነ በመድኃኒት እንዳይታሰር ይከለክላል። ክኒንን ከገመድ ጋር በአንድ አንቀጽ ማስቀመጡ የሕግ አውጪዎቹን አስተዋይነት ያሳያል፤ በገመድ የታሰረን ሰው ግን ዘመድ ሊጠይቀው ሲመጣ ያየዋል፥ በክኒን የታሰረውን ግን ዛሬ ደክሞታል ብለው ዘመዱን ይሸኙበታል። በ2011 የአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤት ዋና ኢንስፔክተር ባወጣው መግለጫ፥ በ2007 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ከነርሲንግ ሆም አረጋውያን ከመቶ 14ቱ አዲሶቹን የአእምሮ መድኃኒቶች መውሰዳቸውን፥ ከተከፈለባቸውም ትእዛዞች ከመቶ 88ቱ ጥቁሩ ማስጠንቀቂያ ለሚመለከታቸው ለመርሳት በሽተኞች የታዘዙ መሆናቸውን አስታወቀ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ከሁሉ ይልቅ ትምህርት ያለበት ስለ ሆነ ጥቂት እንቆይበት። በ2012 መንግሥቱ ዘመቻ ጀመረ፤ በየነርሲንግ ሆሙ ከረጅም ጊዜ ነዋሪዎች ስንቱ ይህን መድኃኒት እንደሚወስድ እየተቆጠረ ለሕዝብ ይገለጥ፥ ኋላም መንግሥቱ ለቤቱ የሚሰጠው የኮከብ ደረጃ በዚያ ይመዘን ተባለ። በ2011 መጨረሻ ከመቶ 23.9 የነበረው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 15 ገደማ ወረደ፥ ብዙ ሰውም ደስ አለው። ነገር ግን በቆጠራው ውስጥ አንድ ቀዳዳ ነበረ፤ መድኃኒቱ በእርግጥ የተሠራላቸው ሕመሞች፥ ከእነርሱም አንዱ ስኪዞፍሬኒያ፥ ያለባቸው ሰዎች አይቆጠሩም ነበር። ሐሳቡ ርቱዕ ነው፤ እውነተኛው ሕሙም መድኃኒቱን ሊነፈግ አይገባምና። ዳሩ ግን ብዙም ሳይቆይ በነርሲንግ ሆሞች ስኪዞፍሬኒያ የተባለው በሽታ እንደ ወረርሽኝ ተስፋፋ። ኒው ዮርክ ታይምስ በመስከረም 2021 እንደ ዘገበው፥ በስኪዞፍሬኒያ የተመዘገቡት ነዋሪዎች ድርሻ ከ2012 ወዲህ በመቶ 70 ጨምሮ ከዘጠኝ ነዋሪዎች አንዱ ስኪዞፍሬኒያ አለበት ይባል ነበር፤ በጠቅላላው ሕዝብ መካከል ግን ይህ በሽታ የሚገኘው ከ150 ሰው በአንዱ ያህል ነው። የማይቆጠሩትም በተጨመሩ ጊዜ መድኃኒቱን የሚወስደው ቢያንስ ከመቶ 21 ሆኖ ተገኘ። ስኪዞፍሬኒያ አብዛኛውን ጊዜ በጉብዝና ወራት፥ ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሠላሳዎቹ፥ የሚጀምር በሽታ ነው፤ ዕድሜውን ሁሉ በጤና ሲያስተምር ወይም ሲነግድ የኖረ ሰው በሰማንያ ዓመቱ ነርሲንግ ሆም በገባ በወሩ ያዘው ቢባል፥ የታመመው መዝገቡ ነው።

ሌላም መንገድ ተገኝቷል። ዋና ኢንስፔክተሩ በ2022 እንዳስታወቀው፥ ከ2011 እስከ 2019 ድረስ የአእምሮ ሕመሙ መድኃኒት ሲቀንስ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት መድኃኒቶች ግን ጨመሩ፤ ሁሉም ዓይነት ተደምሮ ሲታይ በአእምሮ ላይ የሚሠራ መድኃኒት የሚወስደው ነዋሪ ከመቶ 80 ገደማ ሆኖ ሳይለወጥ ቆየ። በ2023 መንግሥቱ የስኪዞፍሬኒያ መዝገቦችን እየመረመረ ሐሰት የጻፉትን ቤቶች ደረጃ ዝቅ ማድረግ ጀመረ፤ ደግ አደረገ። ነገር ግን ክኒን የገባው የጎደለ የሰው እጅ ቦታ ለመሙላት ነውና፥ እጁ እስካልተጨመረ ድረስ አንዱ ክኒን ሲከለከል ሌላ ክኒን፥ አንዱ ስም ሲከለከል ሌላ ስም ይገባል ብዬ አምናለሁ።

እጅ ሲጨመር ምን እንደሚሆን የታየበት አገር አለ። በእንግሊዝ አገር ጄን ፎሲና ባልደረቦቿ በ2006 ባወጡት ጥናት፥ ከአሥራ ሁለት የመጦሪያ ቤቶች በስድስቱ ለአሥር ወር ያህል ሠራተኞችን የሚያስተምርና የሚያግዝ ባለሙያ ተመደበ፤ በዓመቱ መጨረሻ በእነዚህ ቤቶች መድኃኒቱን የሚወስደው ከመቶ 23 ሲሆን፥ በሌሎቹ ከመቶ 42 ነበር፤ መድኃኒቱ በመቀነሱም የሽማግሎቹ መታወክ አልባሰም። የተማሩትም ምሥጢር አልነበረም፤ ሰውየው ማን እንደ ነበር ማወቅ፥ ምን እንደሚያስደስተውና እንደሚያስፈራው መመርመር፥ የሌሊት ዘበኛ የነበረውን ሰው በሌሊት ለምን ተነሣህ ብሎ አለመቆጣት ነው።

ይህ ሁሉ ግን ሰዓት ይፈልጋል፥ ሰዓትም ደመወዝ ነው። በ2001 ለአሜሪካ መንግሥት የተዘጋጀ ጥናት፥ አንድ ነዋሪ ጉዳት እንዳይደርስበት በቀን 4.1 ሰዓት ያህል የነርስና የረዳት ነርስ እጅ እንደሚያስፈልገው አመለከተ። ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ፥ በ2024፥ መንግሥቱ በመላው አገር የሚጸና ደንብ ሲያወጣ 3.48 ሰዓት ብቻ አዘዘ፤ ባለቤቶቹ ግን ይህም በዛብን፥ ሠራተኛም አናገኝም ብለው ከሰሱ፥ በሚያዝያ 2025 በቴክሳስ የፌዴራል ዳኛ ደንቡን ሻረው፤ በዚያው ዓመት ሐምሌም ኮንግሬሱ ተፈጻሚነቱን እስከ 2034 የሚያግድ ሕግ አወጣ።

እስከዚያው ወላጁን በነርሲንግ ሆም ያኖረ ልጅ የተወሰነ ሥልጣን በእጁ አለው፥ ብዙዎቻችንም ሐኪምን በማፈር አንጠቀምበትም። የእናት ወይም የአባት የመድኃኒት ዝርዝር በወላጁ ፈቃድ ወይም በሕጋዊ ወኪልነት ሲጠየቅ ሊሰጥ ይገባል፤ ኦላንዛፒን፥ ሪስፔሪዶን፥ ኬቲያፒን፥ ሃሎፔሪዶል የሚል ስም የተገኘ እንደ ሆነ፥ ለየትኛው ሕመም እንደ ታዘዘ፥ ማን መርምሮ እንዳዘዘው፥ ከዚያ በፊት ምን እንደ ተሞከረና መቼ እንደሚቆም መጠየቅ ተገቢ ነው። በፌዴራሉ ደንብና መመሪያ መሠረት በመጀመሪያው ዓመት በሁለት የተለያዩ ሩብ ዓመታት፥ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ፥ ሐኪሙ የማይቻልበትን ምክንያት ካልጻፈ በቀር መጠኑን ቀስ በቀስ ለመቀነስ መሞከር ግዴታ ነው፤ ሲያስፈልግ ብቻ ይሰጥ ተብሎ የታዘዘውም ከ14 ቀን በኋላ ሐኪሙ ራሱ በሽተኛውን ሳያይ አይታደስም። መድኃኒቱን ቤተ ሰብ በራሱ ፈቃድ በድንገት ማስቆም ግን አይገባም፤ ይህም አደጋ አለውና በሐኪም እጅ ይቀነስ። ቤቱ መልስ የነፈገ እንደ ሆነ፥ በየግዛቱ ኦምቡድስማን የሚባል የነዋሪዎች ጠበቃ አለ፥ አገልግሎቱም ያለ ክፍያ ነው፤ የስልክ ቁጥሩን ነዋሪውና ቤተ ሰቡ በሚያዩት ግልጽ ቦታ መለጠፍ የእያንዳንዱ ነርሲንግ ሆም ግዴታ ነው።